ከሐረና ጫካ ወደ ቱሉ ዲምቱና ባቱ በእግር፦ አምስት ቀን ይበቃል?

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን አዲስ አበባ ነዋሪዎች ስንሆን እንጦጦንና ወጨጫን በእግር ወጥተናል። አራተኛዋ ከጀርመን የምትመጣ የአክስቴ ልጅ ናት። በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ባሌ ሄደን ከሐረና ጫካ በመነሣት ቱሉ ዲምቱን፣ ባቱንና በዙሪያቸው ያሉትን ጫፎች ለመውጣት አስበናል። ከመንገዱ ውጪ አምስት ቀን አለን። ስልካችን ላይ ካርታ ስለጫንን ያለ አስጎብኚ መሄድ እንችላለን? ጫካው ውስጥ አንበሳ አለ ይባላል፤ ምን ያህል ያሰጋል? ምን ምንስ እንያዝ?

ምላሽ፦ የማያስደስተውን ላስቀድም። ሐረናን፣ ቱሉ ዲምቱንና ባቱን በአምስት ቀን አንድ ላይ መጨረስ ለእናንተ ቡድን አልመክርም። እግራችሁን ንቄ እንዳይመስላችሁ፤ ወጨጫን የወጣ ሰው የባሌን ዳገት ይወጣዋል። ከሰሜን ተራሮች ገደላ ገደል ጋር ሲተያይ የባሌ አቀበት ለጉልበት ይራራል። ጣጣው ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። ቀን የረገጣችሁት ጫፍ ብዙም አይጎዳችሁም፤ የሚጥላችሁ የተኛችሁበት ከፍታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማደሪያችሁን ወስኑ፤ የትኞቹን ጫፎች እንደምትወጡ ማደሪያዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ። የጉዟችሁ መነሻ የምትሆነው ሪራ መንደር በ3,000 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የሳነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ዳገት ጠንካራ እግር በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ሰውነት ግን በአንድ ሌሊት አይለምደውም። ሦስታችሁ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትኖሩ በመሆናችሁ ጥሩ ስንቅ ይዛችሁ ነው የምትነሡት። ከጀርመን የምትመጣው እህታችሁ ግን ይህ ስንቅ የላትም። ምንም ያህል ስፖርተኛ ብትሆን የጉዞው ፍጥነት በእሷ ይለካ፤ እንዲያውም ስፖርተኞች ሕመሙን በጉልበት እናልፈዋለን ብለው ስለሚገፉ ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ። ወደ ባሌ ከመነሣታችሁ በፊት አዲስ አበባ ሦስት ወይም አራት ሌሊት ብታድር መልካም ነው።

ስለዚህ በአምስቱ ቀን ሐረናንና ቱሉ ዲምቱን ያዙ፤ ባቱን ተዉት። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ስለሆነ መመዝገብና መክፈል እዚያ ነው፤ አስጎብኚም እዚያው ታገኛላችሁ። ዲንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ለመጀመሪያዋ ሌሊት ጎባ ትሻላለች፤ ጎባ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በማግሥቱ፣ ማለትም ከአምስቱ በመጀመሪያው ቀን፣ በመኪና ሳነቴን አቋርጣችሁ ወደ ሪራ ትወርዳላችሁ። በዚህ ጊዜ አምባው ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ከመኪና ውረዱና ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ለከፍታ የሚያለማምድ አንዱ ጥሩ ዘዴ ነው፤ የባሌ መንገድ ደግሞ ይህን ያለ ተጨማሪ ድካም ይሰጣችኋል። ሁለተኛውን ቀን ከሪራ በታች ባለው ጫካ ውላችሁ ማታ ወደ ሪራ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ድንኳንና ስንቅ በፈረስ አስጭናችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ሆኖም እስከ አምባው አትዝለቁ። በ3,500 ሜትር አካባቢ፣ አስጎብኚው የሚፈቀድበትን ቦታ ሲያሳያችሁ እደሩ። በአራተኛው ቀን አምባው ላይ ወጥታችሁ ቱሉ ዲምቱን ትረግጣላችሁ፤ በዚያው ዕለት አስቀድማችሁ ባዘጋጃችሁት መኪና ወደ ጎባ ወርዳችሁ ታድራላችሁ። አምስተኛው ቀን ለዝናብ፣ ለራስ ምታትና ላልታሰበ መዘግየት የተቀመጠ ነው። ምንም ካልገጠማችሁ የደጋ አጋዘን ለማየት ዲንሾ አጠገብ ባለው የጋይሳይ ሜዳ ላይ አውሉት።

አብዛኛው ተጓዥ የሚሄደው በተቃራኒው መሆኑን ከሌሎች ትሰሙ ይሆናል። ከዲንሾ ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ በኩል ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ ሳነቴን ተሻግሮ በመጨረሻ ወደ ሪራ ይወርዳል። ለሰውነት የሚስማማው እሱ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ቀን ቢኖራችሁ ባቱንም ጨምሮ በዚያው መንገድ ሂዱ እል ነበር። ያም ሆኖ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት ማሰባችሁን ወድጄዋለሁ። የባሌ ተራራ በእግር ሲወጣ የሚገባው ከጫካው የተጀመረ እንደሆነ ነው፤ ከላይ የመጣ ሰው ሐረና ሲደርስ ደክሞት ስለሚሆን ቶሎ ቤቱ መግባት እንጂ ዛፍ ማየት አያምረውም።

ጫካውን በአንድ ስም ብንጠራውም ከፍታው በጨመረ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ወደ ደሎ መና በሚወርደው ቆላማ ክፍል፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የጫካ ቡና በራሱ ጊዜ በቅሎ ይታያል። ይህ ከመንገዳችሁ ስለሚርቅ በእግር አትድረሱበት፤ በመኪና ጎራ ብትሉ ግን አትቆጩም። ከዚያ ከፍ ሲል ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱና ጌተሙ ይበዛል። በሪራ አካባቢ ቀርከሃ አለ፤ የባሌ ጦጣ የሚገኘውም እዚህ ነው። ይህ ጦጣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚኖር ሲሆን አብዛኛው ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ስለሚያፍር ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል። ቀርከሃው ጫፍ ላይ እንቅስቃሴ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ሲንሾካሾኩ እንኳ ይሸሻል። ከቀርከሃው በላይ ኮሶው ይነግሣል። ግንዱ የተጣመመና በሽበቶ የተሸፈነ ሽማግሌ ኮሶ ሲደረደር ጫካው ገለጥ ይላል፤ ለመራመድም ይቀላል። አምጃው ቢጫ አበባውን ይዞ ከኮሶው ጋር ተደባልቆ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በላይ የአስታው ግዛት ነው። አስታ ከታች በኩል ትልቅ ዛፍ ሲሆን ወደ ላይ በሄዳችሁ መጠን እያጠረ ከወገብ በታች ቁጥቋጦ ይሆናል፤ በመጨረሻም ለጅብራውና ለብርማው የአምባ ሣር ቦታውን ይለቃል። ይህን ሁሉ ለውጥ በሁለት ቀን የእግር መንገድ የምታዩበት ሌላ ተራራ በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

ዛፉ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሞላላ ቀፎ ስታዩ ባለቤት እንዳለው አትርሱ። ማር ቆራጭ የሚሄድበት ጠባብ ዱካም ከእናንተ መንገድ ጋር ስለሚመሳሰል ስንቱን ተጓዥ አሳስቷል።

እዚህ ላይ የስልኩን ጉዳይ ላንሣ። ከዛፍ ጥላ በታች ስልክ ያላችሁበትን ቦታ በትክክል ላያሳይ ይችላል። ቢያሳይም ካርታው ላይ መንገድ የተባለው ሁሉ መንገድ አይደለም፤ አንዳንዱ ከብት ውኃ የሚወርድበት ሲሆን አንዳንዱ ማር ቆራጩ ቀፎው ሥር ሲደርስ ያበቃል። ብርዱም የስልኩን ባትሪ ይበላዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጉም አለ። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር የሐረናን ዳገት ሲገፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ማለዳ ጥርት ያለው ሰማይ ከረፋዱ በኋላ ከጫካው በሚነሣ ነጭ ጉም ሊዋጥ ይችላል፤ ጉሙ እስከ አምባው ጠርዝ ሲደርስ ሃያ እርምጃ ርቆ ያለውን ፈረስ ማየት ያቅታል። ስለዚህ አስጎብኚ ያዙ። ለእንዲህ ያለ የብዙ ቀን ጉዞ የፓርኩም አሠራር ይኸው ነው። ባይሆን እንኳ ከሪራ ሰዎች ጋር በኦሮምኛ የሚነጋገር፣ ፈረስና ማደሪያ የሚያስማማ፣ የየትኛው ጅረት ውኃ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋችኋል። በየቀኑ ማለዳ ተነሡ፤ ከባዱን መንገድ ከቀትር በፊት ጨርሱ። ቡድኑ ጉም ውስጥ ከተለያየ እያንዳንዱ ባለበት ይቁም፤ የሚንቀሳቀሰው አስጎብኚው ብቻ ነው።

አንበሳ አለ። ሐረና ውስጥ አንበሳ፣ ነብርና ጅብ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው፤ የአካባቢው ሰው ከብቱን ሲመሽ የሚሰበስበውም በምክንያት ነው። ይሁንና በቀን፣ በቡድን፣ እየተነጋገረ በሚሄድ መንገደኛ ላይ አንበሳው ጉዳይ የለውም፤ ድምፅ ሲሰማ ቀድሞ የሚርቀው እሱ ነው። ከመሸ በኋላና ከመንጋቱ በፊት ጫካ ውስጥ አትራመዱ። ለሽንት የሚወጣ ሰው ባትሪ ይያዝና ከድንኳኑ አይራቅ። ፈረሶቹ ከሰው አጠገብ ይታሰሩ። ይህን ካደረጋችሁ አንበሳውን ለተረት ተዉት። እኔን የሚያሳስበኝ በስብሶ የሚበርደው ሰው ነው፤ የሰውነት ሙቀት ሲወርድ ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይንተባተባል፣ ከዚያም የያዘውን መጣል ይጀምራል። ይህ ደግሞ ውርጭ በሌለበት፣ ዝናብና ነፋስ ብቻ ባለበት ቀትርም ይደርሳል። ሌላው የጫካው ጠላት ትንንሹ ነው፦ ሳማና ጉንዳን። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ከተቱ፤ ሳታዩ ሣር ላይ አትቀመጡ።

ስለ ከፍታ ሕመም አንድ ነገር በደንብ ተረዱ። መነሻው ራስ ምታት፣ የምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ ጠላ አብዝቶ ያመሸ ሰው ጠዋት የሚሰማውን ይመስላል። እንዲህ የተሰማው ሰው በዚያ ቀን ወደ ላይ አይውጣ። ባለበት ይረፍ፤ ካልተሻለው ይውረድ። የሚያስፈራው ሁለት ምልክት ነው። አንደኛው ሚዛን መሳት ነው፦ ሰውየውን ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እንዲራመድ ጠይቁት፤ ከተንገዳገደ ችግሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ደርሷል። ሁለተኛው ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ማጠር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው፤ ይንጋ ማለት ሰው ያስገድላል። አሴታዞላሚድ የሚባለው መድኃኒት ለመከላከል ይረዳል፤ ነገር ግን ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሊጠነቀቅ ስለሚገባ እህታችሁ ከመነሣቷ በፊት ሐኪሟን ታማክር። የእንቅልፍ ኪኒንና መጠጥ ከፍታ ላይ ይቅር።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሆስፒታሉ ያለው ጎባ ነው፤ ከሪራ ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በሳነቴ አናት ላይ ነው። በሪራ በኩል ያለ ሰው በከፍታ ሕመም ክፉኛ ቢታመምና ወደ ጎባ ልውሰደው ብትሉ፣ ለማውረድ ብላችሁ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ታደርጉታላችሁ። በዚያ በኩል ካላችሁ መውጫችሁ ወደ ታች፣ ወደ ደሎ መና ነው፤ ከ1,500 ሜትር በታች ስለሆነ ከፍታ ላመመው ሰው እፎይታ ይሰጣል። አምባው ላይ ካላችሁ ደግሞ ከሁለቱ ቁልቁለቶች የቀረበውን ያዙ። ይህንን ከሾፌሩና ከአስጎብኚው ጋር ጎባ ላይ ሳላችሁ ተስማሙበት፤ ሰው ከታመመ በኋላ ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ያመጣል።

አሁን ስለ ጫፎቹ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። እውነቱን ለመናገር ጫፉ ራሱ ብዙ አያስደንቅም፤ ሰፊ፣ ድንጋያማና ቀላ ያለ ጉብታ ነው። አናቱ ድረስ የመኪና መንገድ አለው፤ የቴሌ ምሰሶም ተተክሎበታል። በመኪና የመጣ ሰው ፎቶ ሲነሣ አግኝታችሁ እንዳትናደዱ። የእናንተ ድካም ዋጋ ያለው ከኮሶው ጀምሮ እስከ ጅብራው ባለው መንገድ ላይ ነው። አየሩ ጥርት ካለ ወደ ደቡብ ዞር በሉ፤ የወጣችሁበት ደን ከእግራችሁ በታች ተዘርግቶ ይታያል።

ባቱ የሚገኘው ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። መኪና አይደርስበትም፤ ለመድረስ አምባው ላይ ማደር ግድ ይላል፤ የበረታው ውርጭም እዚያ ነው። ከወጣችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትልቅ ባቱና ትንሽ ባቱ ይባላሉ፤ ከፍተኛው ግን 4,307 ሜትር ያለው ትንሹ ነው። ትልቁን ወጥተው ከፍተኛውን ረገጥን ብለው የሚመለሱ አሉ። ለዚህ ጉዞ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ መስፈር ተመራጭ ነው፤ ከገደሉ ሥር ተሸሽጎ የተኛ፣ ጥቁር የሚመስል ውኃ ነው። ቀኑ ካላችሁ ከዲንሾ ተነሥታችሁ ወደ እሱ ውጡ እንጂ ከሪራ በአንድ ትንፋሽ አትሞክሩት።

ሳነቴ ላይ ሜዳው ስለሚያታልል ሁሉም መሮጥ ያምረዋል። መሬቱ ከውስጥ በፍልፈል የተቦረቦረ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ያወልቃል፤ ፈረስም ይሰናከልበታል። ግዙፉ ፍልፈል ባሌ እንጂ ሌላ ቦታ የለም፤ የቀይ ቀበሮም ዋና ምግቡ ነው። በጥንት ዘመን ሰውም በልቶታል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሃበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ የድንጋይ መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ባልጩት ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡት ነበር። የብርዱን ነገር ሳስብ ለእነዚያ ሰዎች ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ሲሆን ከግማሽ በላዩ የሚገኘው በባሌ ነው። ከአደን ይልቅ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የተረፈ ምግብ አትጣሉ፤ ቀበሮው ቢቀርባችሁም አታብሉት። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጎብኚው ስለሚበዛ ጥንቃቄውም ሊበዛ ይገባል።

ወሩን በሚገባ መርጣችኋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሐረና ግን በዚያም ወቅት ይዘንባል። የበጋው ዋጋ የሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሳነቴ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ሌሊት ተመዝግቧል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚችል የመኝታ ከረጢት ያዙ። ከሥሩ የሚነጠፈው ፍራሽም እንደ ከረጢቱ ያስፈልጋል፤ ብርዱ ከመሬት ነውና። የጥጥ ልብስና ጂንስ አዲስ አበባ ይቅሩ፤ የረጠበ ጥጥ ቶሎ አይደርቅም። ጋቢ ድንኳን ውስጥ የሚተካከለው የለም፤ በጫካው ዝናብ ግን አትልበሱት። ሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብና ነፋስ የሚመልስ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የፀሐይ መነጽርና ቅባት ያስፈልጋሉ። ጫማችሁን አዲስ አትግዙ፤ ከገዛችሁም እንጦጦ ላይ አላምዱት።

ውኃ አፍሉ፤ ከበላያችሁ ከብት አለ። ውኃ ከፍታ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። በዚሁ ምክንያት ምስርና ባቄላ አይበስሉላችሁም፤ ነዳጅ ይጨርሳሉ። የባሌና የአርሲ ሰው ለዚህ ጭኮን ፈጥሯል፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ አይበላሽም፣ ማብሰል አይፈልግም፣ ትንሹ ብዙ ያስኬዳል። በሶና ዳቦ ቆሎ ጨምሩበት። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ባትራቡም ብሉ። ምድጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እንጨት አትልቀሙ፣ አስታው ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ እሳት አታንድዱ። አስታ እርጥብ እያለ እንኳ ይነድዳል፤ በ1992 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ሰደድ እሳት ስንት ደን እንደበላ የሚያስታውስ ያስታውሳል።

ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ዲንሾ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። ጫካው ውስጥ ስልክ ይሠራል ብላችሁ ስለማትተማመኑ፣ በአራተኛው ቀን ሾፌሩ የት እንደሚቆም፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጠብቅና ካልደረሳችሁ ማንን እንደሚያሳውቅ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ቦታው ቱሉ ዲምቱ አናት ሳይሆን ከዋናው መንገድ የሚገነጠልበት ይሁን፤ ጉም ከወደቀ ጫፉን ትታችሁ በቀጥታ ወደ መኪናው ትሄዳላችሁ።